የአያ እንድሪስ ምንሽር ለምን ይስታል?

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቆቦ ከተማ፣ ከአውራ ጎዳናው ወደ ውስጥ ገባ ብላ በተሠራች ቆርቆሮ ክዳን ሱቅ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። በርም፣ መስኮትም፣ አልጋም እሠራለሁ። ስሜ የወጣው ግን በአልጋ አይደለም። አባቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ሲሞት አንድ ሞርሳ፣ ሦስት ሞረድና አንድ ጥሩ ካቻቢቴ ትቶልኛል። ከጎብዬ እስከ ሮቢት ሰደፉ የተሰነጠቀበት፣ ምላጩ የላላበት ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ሐሰን የነካው ብረት አይስትም» ይባል ነበር። ይህን መጀመሪያ ያለው ሌላ ሰው ይሁን እኔ ራሴ፣ አሁን ትዝ አይለኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የገበሬ ማኅበር ተቋቁሟል፤ በየቤቱ ያለ ጠመንጃም ተመዝግቧል። አንድ ሰሞን የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ጎሊና ወንዝ አሸዋ ላይ ተሰልፎ ኢላማ እንደሚመታ፣ የመታም ለአብዮት ጥበቃ እንደሚመዘገብ አስነገረ። ለመለማመጃ ጥይት ታደለ፤ ቀለሁን ለቅሞ መመለስ ግን ግዴታ ነው።

አያ እንድሪስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አርባ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገር ማሽላ አራሽ ነው። መሬቱ ከተራራው ሥር፣ የክረምቱ ጎርፍ ተጠልፎ የሚገባበት ቦታ ላይ ነበር። ይዞት የመጣው ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር ነው። ድሮ አንድ አዳኝ ለበረሃ እንዲቀለው ብሎ የፊቱን እንጨት በመጋዝ ቆርጦ ጥሎለታል። ከወገቡ በላይ ብረቱ ራቁቱን ቀርቶ፣ አንገቱ የተነጨ አውራ ዶሮ ይመስላል።

«ሐሰን፣ ይህ ነገር ይስታል» አለኝ።

«ወዴት ነው የሚስተው?»

«እሱን ባውቅ ምን ቸገረኝ! አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ሰማይ። የት እንደሚሄድ እሱም አያውቀው፣ እኔም አላውቀው።»

«ለጥበቃው ልትመዘገብ ነው?»

«ያለምኩበት እንዲሄድልኝ ነው የምፈልገው» አለ። «ስንዝር እንኳ እንዳያልፍ።»

ይህን ሲል ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። እኔ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙሬ የብረቱን ውስጥ እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ጎሊና ወረድን። መቶ እርምጃ ላይ የቁልቋል ቅጠል ተከልኩ፤ አሸዋ የሞላ ከረጢት አስደግፌ አያ እንድሪስን ሦስት አስተኮስኩት። የመጀመሪያዋ ቅጠሉን ከጫፉ ነካችው። ሁለተኛዋ በስተቀኝ አሸዋ አቦነነች። ሦስተኛዋ የት እንደገባች አላህ ያውቃል። የተኳሹ እጅ እንዳይሆን ብዬ እኔም ተኮስኩ፤ ያው ነው።

ሱቄ ተመልሼ እንደ ሐኪም ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥይቶቹን አየሁ፤ ከአንድ ሣጥን የወጡ ናቸው፤ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። የብረቱን ውስጥ በጋዝ በነከርኩት ጨርቅ ወለወልኩት፤ ጥይቷን የሚያሽከረክረው ጥርሱ አልተበላም። የአፈሙዙ ከንፈርም ደህና ነው። የቀረው እንጨቱ ነው። ብረትና እንጨት የሚነካኩበትን ለማወቅ ወረቀት አስፈለገኝ። ከውይይት ክበብ የታደለን፣ እስከዚያ ቀን ያልገለጥኩት መጽሔት መደርደሪያዬ ላይ ነበር። አንድ ገጽ ቀድጄ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሳብኩት። በቀኝ በኩል እንደ ውሃ አለፈ። በግራ በኩል ተያዘ።

በሽታው ተገኘ! ጠመንጃ ሲተኮስ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ እንጨት በአንድ ጎኑ ከተደገፈው ይገፋዋል። ያ አዳኝ እንጨቱን ሲቆርጥ የተቆረጠውን ጫፍ ዘይት አላጠጣውም። እንጨቱ የስንት ክረምት ዝናብ ሲጠጣ ኖሮ ተጣሟል። በጠርሙስ ስባሪ እየፋቅሁ ወረቀቱ ዙሪያውን በነፃነት እስኪያልፍ ድረስ አስተካከልኩት፤ የተልባ ዘይት ቀባሁት፤ ከሆዱ ሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች አጠበቅሁ። በማግስቱ ስንተኩስ ሦስቱን ቀዳዳ በመዳፌ ሸፈንኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አያ እንድሪስ፤ ትከሻዬን ጨብጦ ነቀነቀኝ። እኔም ለሁለት ሰዓት ያህል በቆቦ ዋና መንገድ ላይ ያለ ሥራ ወዲያና ወዲህ ስል ቆየሁ።

በሚቀጥለው ቀን ጠመንጃውን ታቅፎ መጣ።

«ይስታል።»

«አይስትም!»

«ሐሰን፣ ተኩሼ ነው የመጣሁት።»

ገልብጬ አየሁት። የፊተኛው ብሎን ግማሽ ዙር ላልቷል። ብሎኑ አርጅቶ ነው ብዬ አጠበቅሁት። እንደገና ቢላላ እንዳውቅ፣ ብሎኑንና ብረቱን ባንድ ላይ በሚስማር ጫፍ ጭሬ ምልክት አደረግሁ። ወረድን፣ ተኮስን፣ መታ። አሁንም ተመስገን ብሎ ሄደ።

በማግስቱ፣ ቀትር ላይ፣ ደግሞ መጣ። በዚህ ጊዜ ላቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ምን ትሠራበታለህ ቤት ስትገባ?» አልኩት ተናድጄ።

«ምን እሠራበታለሁ? ምሰሶው ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«ማን ይነካዋል?»

«ማን ይነካዋል? እኔና ዘሃራ ነን ያለነው።»

ምልክቱን አየሁ። ጭረቱ ከቦታው ሸሽቷል። እንጨቱን አላቅቄ ሳነሳው፣ ከብረቱ ሥር አንዲት የማሽላ አገዳ ስንጣሪ ተጋድማ አገኘሁ። በቢላ የተስተካከለች፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች። ብሎን አርጅቶ ራሱን ሊፈታ ይችላል። አገዳ ግን ራሱን ሰንጥቆ፣ ራሱን ልጎ፣ ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ አይተኛም።

ስንጣሪዋን በመዳፌ ደበቅኋት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም። «ዛሬ እኔ ዘንድ ይዋል፤ ነገ ጠዋት ና» አልኩት። «ሳይረፍድ እፈልገዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ፀሐይ ወደ ተራራው ዘንበል ስትል፣ የአያ እንድሪስ ሚስት ሱቄ በር ላይ ቆመች። ዘሃራ አጭር፣ ፈጣን፣ ሰው ስታናግር ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት ነበረች።

«አሰላሙ አለይኩም ሐሰን።»

«ወአለይኩሙሰላም፣ እታለም ዘሃራ። ግቢ።» ስንጣሪዋን አውጥቼ መሥሪያዬ ላይ አስቀመጥኳት። «ይህችን ረስተሽ ነው?»

አልደነገጠችም። ተቀመጠች። «ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ሦስት።»

«እኔ አንድ ሳምንት ያስኬደኛል ብዬ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀልድ አልነበረውም። «ይመር ነገ ከወልድያ ይመጣል።»

ያኔ ነው የገባኝ። ታሪኩን ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከአራት ዓመት በፊት በጎርፍ ተራ ተጣልተው፣ ይመር የሚባል የእርሻ ጎረቤታቸው የአያ እንድሪስን ታናሽ ወንድም በዱላ መትቶ ገድሎታል። ወልድያ ታስሮ ነበር። አሁን ተፈቷል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጠመንጃው ለኢላማ ውድድር ነው ብዬ መጽሔት እየቀደድኩ ስፍቅ ሰነበትኩ።

«ሊገድለው ነው?»

«ምን መሰለህ ታዲያ? አራት ዓመት ሙሉ ሰደቡት። ሰርግ ላይ እንኳ ይዘፍኑበታል። 'ምንሽር አለው ወይስ ምርኩዝ?' ይሉታል። ይመር ይፈታል ከተባለ ወዲህ እህል በአግባቡ አልበላም።»

«ለአስታራቂዎቹ፣ ለአበጋሮቹ ንገሪያ! ለሼህ ኑርዬ!»

«ነገርኳቸው። 'ልጄ፣ እርቅ የሚያዘው ልቡ የበረደ ሰው ዘንድ ነው፤ ምንም ሳያደርግ ቢታረቅ ዘመዶቹ አያስቀምጡትም' አሉኝ።» ጣቶቿን ዘረጋች። «ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። እንድሪስ ይመርን ይገድላል። የይመር ወንድሞች እንድሪስን ይገድላሉ። ከዚያ ተራው የልጆቼ ነው። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ የት ላይ ያበቃል?»

ስንጣሪዋን ከመሥሪያዬ ላይ አንስቼ በጣቴ አገላበጥኳት።

«እኔ በቢላ ጫፍ ብሎን ማላላት ነው የማውቀው» አለች። «አንተ ግን ባለሙያ ነህ። እንዲስት አድርገህ ስጠው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ርኅራኄ አይደለም፣ ንዴት ነው። ሐሰን የነካው ብረት ሊስት! ዘሃራ ከሄደች በኋላ ግን ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ አስሬ ሳስብ ሌላ ነገር ታየኝ። የሷ ብሎንና አገዳ የሚፈጥረው ጠመንጃ እንዳሻው የሚበትን ነው። እንዳሻው የሚበትን ጠመንጃ ደግሞ እንዳሻው ሊመታም ይችላል፤ ይመርን ባይሆን አጠገቡ ያለውን። ይህ ጠመንጃ መሳት ካለበት በእርግጠኝነት፣ ወደ አንድ ወገን፣ በልክ መሳት አለበት። አስቡት፤ እንዲስት አድርጎ መሥራት እንዲመታ አድርጎ ከመሥራት የሚከብድ ሆኖ ተገኘ።

የፊት ማነጣጠሪያውን በሞረድ ዝቅ አደረግሁት። የፊቱ ሲያጥር ተኳሹ ሳያውቀው አፈሙዙን ከፍ ያደርጋል፤ ጥይቷም ከታለመው በላይ ትሄዳለች። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ አገዳዋን ጣልኳት። ከተረፉት ጥይቶች አንዷን ይዤ ሳይመሽ ጎሊና ወረድኩ። በመቶ እርምጃ የግራር ሥር አልሜ ተኮስኩ፤ ከግንዱ ላይ ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ መታ። ደረቱን ቢያልም ከአናቱ በላይ ታልፋለች ማለት ነው። ሞረዱ የነካው ቦታ እንዳያብረቀርቅ በኩራዝ ጢስ አጠቆርኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

በማግስቱ ገና ሱቁን ስከፍት አያ እንድሪስ ደረሰ።

«አሁንስ?»

«ልክ ነው።»

«ያለምኩበት ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ወላሂ በለኝ።»

ይህን አልጠበቅሁም። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ጢሙ አልተበጠረም። «ወላሂ» አልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከሄደ በኋላ መጋዝ ማንሳት አቃተኝ። ሱቁን ዘጋሁና በሩቁ ተከተልኩት። ወደ መንደራቸው የሚወስደው መንገድ አንድ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል። እዚያ ስደርስ ሰው ሁሉ በአጋጣሚ ተሰብስቧል። አንዱ በአጋጣሚ ፍየል ይፈልጋል፤ ሌላው በአጋጣሚ እንጨት ይለቅማል፤ ሼህ ኑርዬም በአጋጣሚ ከአንድ ቁርቁራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ መቁጠሪያቸው ግን አይንቀሳቀስም።

ይመር መጣ። ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ነው። ከስቷል፤ ነጭ ሽርጥ አገልድሟል፤ በግራ እጁ ዱላ ይዟል። አያ እንድሪስ ከአንድ ግራር ጀርባ ወጣ። በመካከላቸው ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

«ይመር! ቁም!»

ዘመዶቹ ወዲያና ወዲህ ዘለሉ። ይመር ግን አልሮጠም። ቆመ፤ እንዲያውም ፊቱን አዞረለት። አያ እንድሪስ አነጣጠረ። አነጣጥሮ ቆየ። በጣም ቆየ። በስተኋላዬ የሴት ጩኸት ሰማሁ፤ ዘሃራ ሻሿን ከራሷ ገፍፋ ይዛ ትሮጣለች። እኔ በልቤ «ደረቱን፣ ደረቱን፣ ደረቱን አልም» እላለሁ። ሰው እንዲተርፍ ብሎ እንዲህ ዓይነት ዱዓ የሚያደርግ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ተኮሰ።

ይመር በጉልበቱ ወደቀ። ዱላው ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ርቆ ተወረወረ። አንድ ዘመዱ ሮጦ ደረቱን ዳበሰው፣ ሆዱን ዳበሰው፤ ደም የለም። ጥይቷ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ከሽርጡ ሁለት ጣት ርቃ ዱላውን መትታዋለች። እኔ ባለሁበት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከአናቱ በላይ ማለፍ የነበረባት ጥይት እዚያ ምን ትሠራለች? አያ እንድሪስም ፊቱ አመድ መስሎ ጠመንጃውን ከእጁ ጣለ። ሳልገድለው ቀረሁ ብሎ ተቃጥሎ ነው አልኩ።

ዘሃራ ሻሿን በመካከላቸው ወረወረች። የሴት ሻሽ መሬት ላይ ካረፈ ወዲያ የሚሻገር የለም። ሼህ ኑርዬ ለሰባ ዓመት ሽማግሌ በማይገባ ፍጥነት ደርሰው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«አላህ ፈረደ!» አሉ። «ሰውየውን ትቶ የገደለበትን ዱላ ሰበረ!»

«አላህ ፈረደ!» አለ ሕዝቡ። ይመር፣ ዱላውን ትናንት ወልድያ እንደገዛው ለመናገር አፉን ሲከፍት ሼሁ በዓይናቸው ገሠጹት፤ ከደነው።

እርቁ ሳምንታት ፈጀ፤ ግን ተፈጸመ። እንድሪስ ተኩሷል፤ ከእንግዲህ የሚዘፍንበት የለም። ሊቀመንበሩ ግን ሰው ላይ ተኩሰሃል ብሎ ቢከሰው ጉዳዩ ወደ ላይ ሊሄድበት ነው፤ ስለዚህ «የመንግሥት ጥይት ያለ ፈቃድ በማባከን» ሁለት ሳምንት አሰረው። ምንሽሩንም ራሱ ወስዶ ጎሊና ላይ ሞከረው። ሦስት ተኮሰ፤ ሦስቱም ከኢላማው በላይ ሄዱ። «ይህ ለአብዮቱ የማይረባ ብረት ነው» ብሎ ለአያ እንድሪስ መለሰለት። ኢላማ የመቱት ጎረቤቶቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሰሜን ግንባር ሲወሰዱ፣ ጠመንጃው የማይረባው እንድሪስ ማሽላውን ሲያጭድ ቀረ።

የኔም ስም አበቃ። ከወረዳው ጠመንጃ ጠጋኝ ለጦሩ ይላክ ተብሎ ሲጠየቅ ሊቀመንበሩ «ሐሰን? እሱ አልጋ ይሥራ» አለ። በኔ ፈንታ ከሮቢት አንድ ሰው ሄደ። አላውቀውም ነበር፤ አልተመለሰም። ዳንኩ ብዬ በተደሰትኩ ቁጥር ያ ሰው ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ብዙም አልደሰትም።

አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ አያ እንድሪስ በር ሊያሠራ መጣ። እንጨቱን ስንመርጥ ቆየንና ድንገት፣ «ሐሰን፣ ያኔ ምንሽሬን ምን አደረግኸው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኩት፤ ማነጣጠሪያውንም፣ ሞረዱንም፣ ወላሂውንም። የዘሃራን መምጣትም ጨምሬ። እየሰማኝ ቀስ ብሎ ጣውላ ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

«ከፍ አድርጎ እንዲመታ አደረግኸው?»

«አዎ። ልታድነው... ማለቴ፣ ልናድነው ብለን።»

«እኔኮ መሬቱን ነበር ያለምኩት!» አለ። «ከእግሩ በስተግራ፣ አሸዋውን! አቧራው ቦነን ብሎ ሰው ሁሉ እንዲያየው!»

«ታዲያ ለምን ሦስት ጊዜ አመላለስከኝ? ለምን ልክ ይምታ አልከኝ?»

«ልስተው ነዋ!» ጮኸ። «እንዳሻው በሚበትን ጠመንጃ ሰው ፊት ልቁም? መሬት አልሜ ሆዱን ቢመታውስ? ተኩሼ እንዳልነካው የማምነው ጠመንጃ ነበር የምፈልገው። ዱላው ሲሰበር ጊዜ ልቤ ነው ቀጥ ያለው። ገደልኩት ብዬ።»

ያን ጊዜ ሌላም ነገር ገባኝ፤ ለእሱ አልነገርኩትም። እኔ የለካሁት በመቶ እርምጃ ነው፤ እሱ የተኮሰው ከሃምሳ ነው። በሃምሳ ጥይቷ ከፍ የምትለው አንድ ክንድ ብቻ ነው። እንደለመንኩት ደረቱን አልሞ ቢሆን ኖሮ ግንባሩን ነበር የምትለው።

አያ እንድሪስ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ አላቆም ብሎት እንባው ወረደ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ላይ ግን የይመር ግንባር ነበር። ሊነሳ ሲል ክንዴን ያዘኝ። «ለዘሃራ እንዳትነግራት» አለኝ። «በኔ ተንኮል ነው የዳነው ብላ ተኩራርታ ትኖራለች። ተዋት።» አልነገርኳትም። አሁን ሁለቱም የሉም፤ ይመርም የለም። ስለዚህ ለእናንተ ነገርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። ሰው ግን የሚመስለው ዱላው ሲሰበር ፈርቼ የተውኩት ነው። አይደለም። የተውኩት ያ በር የታዘዘበት ቀን ነው። እናንተ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ታሪክ ሰምታችሁ ስለ ብሎንና ስለ ማነጣጠሪያ ብትረሱ አልቀየምም። ስድስት ቀን ሙሉ ያ ሰው በየዕለቱ ፊቴ ቆሟል። ጥይቱን መረመርኩ፤ ብረቱን መረመርኩ፤ እንጨቱን በወረቀት መረመርኩ። «አያ እንድሪስ፣ ሰውየውን ምን ልታደርገው አስበሃል?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ሚስቱም አልጠየቀችውም። ሼሁም አልጠየቁትም። ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር።